የጣና ሐይቅና የገባሮቹ የመዝናኛ ዓሣ ማስገር ሥርዓት

ጣና በአማራ ክልል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትርን ቢያልፍም በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በክረምት ጎርፍ የሚመጣ ደለልም ሆነ በበጋ የሚከሰት የውኃ መቀነስ ዓሣውን ሳይነካ አያልፍም። በወንዝ ከሚገባለት ውኃ ከ90 በመቶ የሚበልጠውን የሚያመጡለት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ እና መገጭ ናቸው። በሐይቁ ላይ በመንጠቆ ለመዝናናት የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት ደንብ አብዛኛው ከእነዚህ ወንዞች ጋር የተሳሰረ ነው፤ ምክንያቱም በሐይቁ ውስጥ የሚያድገው ዓሣ ትልቁ ክፍል ዘሩን የሚተካው ወንዝ ውስጥ ነው።

የሀገሪቱ መሠረታዊ ሕግ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። አዋጁ የዓሣ ሀብትን መጠበቅንና ማልማትን ዓላማው አድርጎ ዓሣ ማስገርን በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ ያስገባል፣ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍበትን መንገድ ይገድባል፣ የማስገሪያ ዘዴዎችንና መሣሪያዎችን ይለያል፣ ቁጥጥር የሚያደርጉ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎችንም ይሠይማል። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት እንዲያስተዳድሩ ስለሚደነግግ፣ ሙሉ በሙሉ በአማራ ክልል ውስጥ የሚገኘው ጣና በዕለት ተዕለት የሚተዳደረው በክልሉ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር፣ ከጎርጎራ ወይም ከዘጌ ዳርቻ ዘንግ ይዞ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የክልሉን የግብርና መሥሪያ ቤት ወይም ዳርቻው የሚገኝበትን ወረዳ ነው። ጀልባ አከራይ ወይም አስጎብኚ የሚሰጠው ቃል በተቆጣጣሪ ፊት ፈቃድን አይተካም።

የቁጥጥሩ ክብደት ያረፈው በመረብ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። በመንጠቆ የሚያስግር ሰው ግን አንድ ድርጊት ለመረብ አስጋሪ ብቻ የተከለከለ መስሎት ራሱን ነፃ ከማድረጉ በፊት የክልከላውን ምክንያት ማጤን ይኖርበታል። ምክንያቱን ለመረዳት ደግሞ ዓሦቹን ማወቅ ግድ ነው።

በጣና ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋና ዓሦች ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ ናቸው። ከእነዚህ በሳይንስ ሊቃውንት ዘንድ ሐይቁን በዓለም ያስጠራው ነጭ ዓሣ ነው። በአንድ ስም የሚጠራው ይህ ዓሣ በእርግጥ ላቢዮባርበስ ተብሎ በሚታወቀው ወገን ውስጥ የሚመደቡ 15 ያህል ዝርያዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በየትም አይገኙም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉ ዓሦች ሽቅብ እንዳይወጡ ስላገደ፣ የሐይቁ ዓሦች ለብቻቸው ተለያይተው እንደየአመጋገባቸው ቅርፅ ለውጠዋል። ከመካከላቸው 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ በሌለው የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ ይህን የሚያህል የአዳኝ ዝርያ ስብስብ መገኘቱ እጅግ ያልተለመደ ነው። ትንሽ ዓሣ በሚመስል ሰው ሠራሽ ማባበያ የሚያስግር ሰው መንጠቆ ላይ የሚገኙትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። የመዝናኛ አስጋሪው ከፍ ያለ ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ትልቁንና ብርቱውን ዓሣ መርጦ የሚፈልገው እርሱ ስለሆነ።

ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ግማሽ ያህሉ እንቁላል የሚጥሉት በገባር ወንዞች ውስጥ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ፣ በወንዞቹ አፍ አካባቢ ይሰባሰባሉ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ ሽቅብ ተጉዘው ንጹሕና ፈጣን ውኃ ወደሚፈስባቸው፣ ወለላቸው ጠጠር ወደሆነ ጅረቶች ይገባሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተሸሽጎ በቂ ኦክስጅን ካላገኘ አይፈለፈልም፤ ደለል ከሸፈነውም ይታፈናል። የጉማራ ወንዝና ከፍ ብለው የሚገቡለት ጅረቶች በዚህ ረገድ በሰፊው የተጠኑ ሲሆን፣ የተለያዩ ዝርያዎች በተለያየ ሳምንትና በተለያየ ጅረት እንደሚራቡ ታይቷል። ጫጩቶቹ ወንዙ ውስጥ አድገው ኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለአካለ መጠን ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ስለሆነ፣ በአንድ ክረምት በወንዝ አፍ ላይ የተያዘ ወላጅ ዓሣ ቶሎ አይተካም።

ሽቅብ ለመውጣት የተሰበሰበ ዓሣ በጠባብ ስፍራ ታጭቆ ስለሚገኝ ለመያዝ እጅግ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ የንግድ ማስገሩ ትርፍ የሚያገኝበት ወቅትና ቦታ አንዱ ይኸው ሆነ። ውጤቱም ተመዝግቧል፦ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 እና ከ1999 እስከ 2001 የተሰበሰበው መረጃ ሲነጻጸር፣ በንግድ ማስገር የሚያዘው የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት 75 በመቶ ያህል አሽቆልቁሏል። ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ያቀረቡት ምክር በመራቢያ ወቅት በወንዝ አፎችና በወንዞቹ ውስጥ ማስገር እንዲቆም፣ የመረብ ዓይን ስፋትም እንዲወሰን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ለመረብ አስጋሪ የሚሠራ ከሆነ ለመንጠቆም በሙሉ ሊሠራ ይገባል፤ በሐምሌ በጉማራ ወይም በርብ አፍ ላይ ቆሞ ዓሣ የሚያወጣ ሰው የሚይዘውን መልሶ ቢለቅም፣ እንቁላል የተሸከመ ዓሣ ከረዥም ጉዞው በፊት ጉልበቱን እንዲጨርስ ያደርገዋል። ለመዝናኛ ማስገር የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው በጋ ሲሆን፣ ቦታውም ክፍት ሐይቁና ከወንዝ አፍ የራቀ ዓለታማ ዳርቻ ነው።

ቆሮሶና አምባዛ የሚራቡበት መንገድ ሌላ ነው። እንስት ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምትጠብቅ ዓሣ ስለሆነች፣ መንጠቆ ላይ ስትወጣ የያዘችውን ትተፋዋለች። የምትገኘውም ደንገልና ሌላ ተክል በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የተያዘች ቆሮሶ አፏ ውስጥ ጫጩት ካለ ወዲያው በዚያው ቦታ መለቀቅ አለባት። አምባዛ ደግሞ በክረምት ውኃ ወደሚተኛበት እንደ ፎገራ ወዳለ ረግረጋማ ሜዳ ወጥቶ ይራባል፤ የረግረጉ ወደ እርሻ መለወጥ ከማስገሩ ባልተናነሰ ጎድቶታል።

በመርዝ ማስገር በጥብቅ የሚወገዝ ድርጊት ነው። በጣና አካባቢ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በተለይ በክረምት በጅረቶች ላይ ሲፈጸም ወላጁንም ጫጩቱንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም ዓሣ አብሮ ይፈጃል። እንዲህ ያለ ነገር የተመለከተ የመዝናኛ አስጋሪ ለወረዳው ግብርና ባለሙያ ወይም ለባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ቢያሳውቅ ብዙ ይጠቅማል።

የተያዘውን ዓሣ መልሶ መልቀቅን በተመለከተ፣ አለቃቀቁ ካልተስተካከለ ዓሣው ዋኝቶ ቢሄድም ኋላ ሊሞት ይችላል። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ እሾህ በጉጠት ጨፍልቆ ማስተኛት መንቀሉን ያቀልለዋል። ዓሣውን በደረቅ እጅ ወይም በጨርቅ መያዝ ቆዳውን የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ስለሚገፍፍ እጅን ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፍ ማንሳት ግድ ከሆነም ዓሣው እስከ መጨረሻው ቅጽበት ውኃ ውስጥ መቆየት አለበት። መንጠቆው በጥልቅ ከተዋጠ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጦ መተው ከመጎተት ይሻላል።

ሕያው ዓሣን ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ማዛወር ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ሲሆን፣ አዋጁ ባዕድ ዝርያን ያለ ፈቃድ ወደ ተፈጥሮ ውኃ መልቀቅን ይከለክላል። ለጣና ይህ ክልከላ ከሌሎች ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተለቀቀው የናይል ፐርች በዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ የዓሣ ዝርያዎችን ለመጥፋት ዳርጓል፤ የጣና ነጭ ዓሦችም እንዲሁ በአንድ ቦታ ብቻ የተወሰኑ ናቸው። ከፏፏቴው በታች ወይም ከሌላ ሐይቅ የመጣ ሕያው ዓሣ በማባበያነት ፈጽሞ ወደ ጣና መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም በቁራጭ ግንዱና በዘሩ ስለሚዛመት፣ ጀልባ፣ መልሕቅ፣ ቦቲ ጫማና መረብ ከሐይቁ ሲወጡ ተፈትሸው መጽዳት ይኖርባቸዋል።

በመጨረሻም በሐይቁ ላይ ቀድመው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ ሲያሰግር የኖረ ሲሆን፣ ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ከሌሊት ተዘርግቶ ከሚያድር መረብ በሚገኝ ዓሣ ይተዳደራል። መንጠቆው በመረብ የተያዘበት ሰው ክሩን ይቆርጣል እንጂ መረቡን አይነካም። በገዳማት ደሴቶች ዳርቻ ለማስገር የገዳሙን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉት ሴቶች እንደማይገቡም ማወቅ ተገቢ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በደንገል ውስጥ ጉማሬ ስለሚገኝ፣ ማለዳና ምሽት በትንሽ ጀልባ ወደ ደንገሉ መጠጋት አደገኛ ነው።