«መንግሥት በነጻ ያስተምራል» እና ሌሎች ድሬ ላይ የማይጠፉ አባባሎች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ሁሉም ሰው የትምህርት ባለሙያ ይሆናል። ባጃጅ ውስጥም፣ ቀፊራ ገበያም፣ ከምሳ በኋላ ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይም ወሬው አንድ ነው። ከሚወራው ውስጥ እውነት ያለበት አይጠፋም። በብዛት የሚደጋገሙት ግን የተሳሳቱ ናቸው፣ አንዳንዱማ ሰው ያስቀይማል።

«በጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ለሁሉም እኩል ነበር»

ይሄን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ያደጉ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ እውነት ነው፣ ሳይከፍሉ ተምረዋል። ግን ትምህርት ቤቱ የት ነበር? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ ሐኪም ቤቱም መብራቱም ትምህርት ቤቱም ከተማው ላይ ተሰበሰበ። ድሬ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ወይም ዋሂል የተወለደ የገበሬ ልጅ በነጻ ትምህርት ቢኖርም ባይኖርም ያው ነበር፣ አይደርስበትማ።

መንግሥትም ይሄን ያውቅ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ሴክተር ሪቪው» የሚባል ጥናት ተጠንቶ አንድ ሐሳብ ቀረበ፦ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ግን ጥቂቱ ብቻ ይቀጥል። መምህራንና ወላጆች ሲሰሙ «የድሃ ልጅ አራተኛ ላይ ይቁም፣ የባለሥልጣን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ነው የምትሉን» ብለው ተነሱ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፣ የነዳጅ ዋጋ ያስቆጣቸው ባለታክሲዎችም ወጡ፣ መንግሥት ጥናቱን ወደ ጎን አደረገው፣ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጥናቱ ላይ የጮኸው ከተሜው ነው፣ ፍርሃቱም ልክ ነበር። አራት ዓመቱ ትምህርት ሊደርሰው የነበረውን የገጠር ልጅ ግን ማንም አልጠየቀውም።

«የሐረር ሰው ድሮ ዘመናዊ ትምህርት ይጠላ ነበር»

ይሄኛው ነው ሰው የሚያስቀይመው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የአዲስ አበባው ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከመከፈቱ ብዙ በፊት በሐረር ግንብ፣ ጀጎል ውስጥ ልጆች ቁርአን ቤት ገብተው ያነቡና ይጽፉ ነበር፣ ሐረሪኛውም በዐረብ ፊደል ይጻፍ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ሲመጣ በእነሱ ቋንቋ አልመጣም። በ1950ዎቹ ደግሞ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ ተደነገገ። ቤቱ ሐረሪ ወይም ኦሮምኛ ሲናገር ያደገ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ አስተማሪው የሚለውን አይሰማም፣ አማርኛ አፉን የፈታው ጓደኛው ደግሞ ሁሉንም ይመልሳል። ከዚያ «ሰነፍ» ይባላል። ልጁ ቢቀር ትምህርት ጠልቶ ነው ማለት ግፍ ነው።

«ልጆቹን ያበላሻቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ነው»

መጀመሪያ ነገር በቋንቋ ማስተማር በኢሕአዴግ አልተጀመረም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነው ያስተማረው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ያመጣው አዲስ ነገር መደበኛውን አንደኛ ደረጃ በዚያ መንገድ ማስኬዱ ነው። ዛሬ ድሬ ላይ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ፣ ሐረር ደግሞ በሐረሪም ይማራሉ። ልጅ በሚሰማው ቋንቋ ቢማር ይገባዋል፣ ይሄ ክርክር አያስፈልገውም።

ጉዱ ያለው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆናል፣ ባዮሎጂው፣ ታሪኩ፣ ሒሳቡ። እንግሊዝኛውን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ሲማር የከረመ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ማየት እንጂ ማንበብ አይችልም። ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ከቆየው የግል ትምህርት ቤት ልጅ ጋር አንድ ፈተና ላይ ይቀመጣሉ። ቋንቋውን አትውቀሱ፣ ሳይዘጋጁ መሸጋገሩን ውቀሱ።

«የመንግሥት ትምህርት ነጻ ነው»

ክፍያው ነጻ ነው። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ በየስብሰባው «በፈቃደኝነት» የሚባለው መዋጮ ነጻ አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ መጽሐፉ በሰዓቱ ታትሞ አልደረሰምና በቴሌግራም ፒዲኤፍ ሆኖ ይዞር ጀመር። በተግባር ምን ማለት ነው? ገንደ ቆሬ ሰፈር ያለች እናት የያዘችው ቁልፍ ያለው ስልክ ከሆነ ልጇ መጽሐፍ የለውም ማለት ነው። ወይ ጎረቤት ሄዶ ይለምናል፣ ወይ ፎቶ ኮፒ ቤት ገጽ እየቆጠረ ያስገለብጣል። በዚያ ላይ ፈረቃ አለ፣ ድሬ የከሰዓት ፈረቃ ማለት ምን እንደሆነ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር የተማረ ያውቃል። የገጠሩ ልጅማ ሁለተኛ ደረጃ ለመቀጠል ብዙ ጊዜ ከተማ ገብቶ ከሦስት አራት ልጅ ጋር ቤት ይከራያል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዱቄት ሊያመጣ ይመለሳል። ሴት ልጅ ከሆነች ቤተሰቡ ለብቻዋ ከተማ ለመላክ ይፈራል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

«የወደቁት ሰነፎች ስለሆኑ ነው»

የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቆም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዙር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሹን ነጥብ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ 3.2፣ ከዚያ 5.4። ኩረጃው መቆሙ ጥሩ ነው፣ እኔ እደግፈዋለሁ። ግን 97 በመቶ ልጅ በአንድ ዓመት ሰነፍ አይሆንም። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ሲሆኑ ጥያቄው የልጁ ብርታት ላይ ማለቅ የለበትም። ላብራቶሪ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ላብራቶሪ ተጠይቆ ነው የወደቀው።

«የግል ትምህርት ቤት የሀብታም ነው»

ድሮ ቢሆን እሺ። ደርግ ከወረሳቸው በኋላ በ1980ዎቹ እንደገና ሲፈቀዱ በየሰፈሩ ተከፈቱ። አሁን ባጃጅ የሚነዳውም ከምሳው ቀንሶ ይከፍላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ስብሰባ ላይ «መጽሐፍ የት አለ?» ብሎ የሚጮኸው ወላጅ ልጁን ይዞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጣ።

«ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ሁሉም እኩል ነው»

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት አለ። ተማሪው የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ከፊል ወጪ ፈርሞ ይወስዳል፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። በሐሳብ ደረጃ ክፉ አይደለም፣ ያልተማረ ገበሬ ግብር የሐኪምን ትምህርት ብቻውን ለምን ይሸፍን? ግን ደንቡ ቀድሞ በጥሬ ለሚከፍል ቅናሽ አለው። ቀድሞ መክፈል የሚችለው የማን ልጅ እንደሆነ ደግሞ ድሬም ሐረርም ግልጽ ነው።