የተቀየረን የድሮ ሞተር ብስክሌት ወደ ፋብሪካ መልኩ መመለስ ምንድን ነው?

በ1969 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተሠራ ሆንዳ ሲቢ750 ሞተር ብስክሌት አጠገብ ቁጢጥ በሉና የሞተሩን የጎን ሽፋን የያዙትን ብሎኖች ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጭንቅላታቸው ላይ የመስቀል ቅርጽ አለ። በብዙዎቹ የጃፓን ብሎኖች ላይ ደግሞ ከመስቀሉ አጠገብ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጎድጓዳ ነጥብ ትገኛለች። ነጥቧ ብሎኑ በጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ መሠራቱን የምትናገር ምልክት ናት። በአሜሪካና በአውሮፓ ጋራዦች የተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ እንዲህ ባለው ብሎን ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይንሸራተትና የመስቀሉን ጥግ ይበላዋል። ስለዚህ የተበላ ጭንቅላት ካያችሁ፣ ወይም ብሎኑ ወጥቶ በምትኩ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ብሎን ከገባ፣ ያ ሞተር ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል።

ወደ ፋብሪካ መልክ መመለስ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ንባብ ነው።

በአማርኛ አንዱን በሌላው ቦታ የምንጠቀምባቸው ሦስት አባባሎች አሉን። ጥገና የማይሠራውን እንዲሠራ ማድረግ ነው። እድሳት ያረጀውን እንደ አዲስ ማድረግ ነው። ወደ ነበረበት መመለስ ግን ከሁለቱም የከበደ ሸክም አለው፤ «የነበረው ምን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ይፈልጋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ታጥቦ ሞተሩ ከተነሳ ተጠግኗል። ታንኩ በሚያምር ቀይ ከተቀባ ታድሷል። ቀዩ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል በዚያ ዓመት የሰጠው ቀይ ካልሆነ ግን አልተመለሰም። የተቀየረ ሞተር ብስክሌት ሲሆን ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜ ያበላሸውን ከማቃናት ሌላ፣ ሰው አስቦበት፣ ገንዘብ አውጥቶበት፣ ወዶ የለወጠውን መቀልበስ አለ።

ሲቢ750ን ለምሳሌ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1968 መጨረሻ በቶኪዮ የሞተር ትርኢት ታይቶ በቀጣዩ ዓመት ገበያ ላይ ሲውል፣ በተራ ገዢ አቅም የማይታሰቡ ነገሮችን በአንድ ላይ ይዞ መጣ፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ 736 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ 67 የፈረስ ጉልበት፣ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር፣ በፊት ጎማው ላይ በፈሳሽ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን። በአሜሪካ መጀመሪያ የተሸጠበት ዋጋ 1,495 ዶላር ነበር። ይህ ባለ አንድ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ሞተር እስከ 1978 ድረስ ሲመረት ቆይቶ ቁጥሩ ከ400,000 አልፏል።

ብዛቱና ጥንካሬው ግን ለመልኩ ጠላት ሆኑበት። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ሲቢ750 በርካሽ ይገኝ ስለነበር ለመቁረጥ አያሳሳም። ቾፐር የሚባለው ስልት ተከታዮች የፊት ሹካውን አስረዘሙ፣ የመሪውን አንገት፣ ማለትም ሹካው የሚገባበትን የሻሲውን ፊት፣ ቆርጠው ወደ ፊት አዘነበሉት፣ የኋላውን ሾክ አብሶርበር አውጥተው በምትኩ የማይነጥር ድርቅ ያለ ጅራት ሻሲው ላይ በየዱ። ሁለተኛው ስልት ካፌ ሬሰር ነው። ስሙን ያገኘው የብሪታንያ ወጣቶች በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከሚሰባሰቡባቸው ካፌዎች ሲሆን፣ ከእነዚያ መካከል በሰሜን ለንደን የሚገኘው ኤስ ካፌ ዋነኛው ነው። ዝቅ ያለ መሪ፣ የአንድ ሰው መቀመጫ፣ አራቱን የጭስ መውጫዎች ወደ አንድ ማርሚታ የሚሰበስብ ቱቦ መለያዎቹ ናቸው። ይህ ስልት ከ2000 ወዲህ እንደገና ፋሽን ሲሆን፣ ሌላ ስንት ሲቢ750 የኋላ ሻሲው በመጋዝ ተቆረጠ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሞተር ብስክሌት ፊታችሁ ቆሟል እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የተፈታው ምንድን ነው? የተቆረጠውስ?» የሚል ነው። በብሎን የገባ በብሎን ይወጣል። መሪ፣ መቀመጫ፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ ተለዋጭ ይገኝላቸዋል፤ ዋጋው ቢያስደነግጥም ዕቃው አለ። የተቆረጠ ብረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሲቢ750 የመሪ አንገት ከቋሚው መስመር 27 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ይህ ቁጥር ከተነካ ሞተር ብስክሌቱ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚረጋበትም፣ ጥምዝ ላይ የሚተኛበትም ጠባይ አብሮ ይለወጣል። የተቆረጠ አንገት የሚመለሰው በልኬት ማሰሪያ ላይ ተጠፍሮ፣ ከሌላ ሻሲ የተወሰደ ክፍል ተበይዶበት፣ በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ነው። በተጨማሪም የሻሲው ቁጥር የታተመው እዚያው አንገት ላይ ነው። ቀያሪው ሲቆርጥና ሲሞርድ ቁጥሩን አጥፍቶት ከሆነ የባለቤትነት ሰነዱ አብሮ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ በብዙ አገሮች ደግሞ ያንን ቁጥር መነካካት በሕግ ያስቀጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲገዙ ታንኩን ከማየታቸው በፊት አንገቱን በባትሪ መብራት የሚያዩት። የፋብሪካ ብየዳ የራሱ ምት አለው። በእጅ የተበየደው ቦታ ላይ ስቱኮ ተለቅልቆበት እንኳ ቀለሙ ስር እብጠቱ በጣት ይታወቃል።

ቁጥሩ ከተረፈ ብዙ ይናገራል። ሞተሩና ሻሲው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሁለቱ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚቀራረቡ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። «ቁጥሮቹ አንድ አይደሉም፣ ሞተሩ ተቀይሯል» ብሎ የሚደመድም ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም የሚፈለጉት የመጀመሪያዎቹ 7,414ቱ ናቸው። የሞተራቸው የአሉሚኒየም አካል ገጽታው ሻካራ ስለሆነ ሰብሳቢዎች በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሱ ይሏቸዋል፤ በእርግጥ ግን የፈሰሱት በቋሚ ቅርጽ ነው፣ ስሙን ያመጣው ሸካራነቱ ብቻ ነው። ለሰብሳቢ እንዲህ ባለ ሞተርና ለስላሳ አካል ባለው የኋላ ሞተር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው።

ዕቃ ፍለጋ ላይ የሆንዳ አሠራር ትልቅ ውለታ ይውላል። የእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ መካከለኛዎቹ ሦስት አኃዞች ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ሲቢ750 መለያ 300 ነው፤ ኬ2 የተባለው የ1972ቱ ሞዴል ደግሞ 341 ነው። ስለዚህ በአሮጌ ማርሚታ ላይ «ኤችኤም300» የሚል ማኅተም ያየ ሰው የያዘውን ያውቃል። እነዚያ አራት ማርሚታዎች ዛሬ የሚያሠቃዩ ዕቃዎች ናቸው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው እንፋሎት ውስጣቸው እየቀዘቀዘ ውሃ ስለሚሆን ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ፤ ክሮማቸው እያብረቀረቀ ሆዳቸው ወንፊት ይሆናል። ቾፐር ሠሪዎች ደግሞ መጀመሪያ አውጥተው የሚጥሉት እነሱን ነበር።

የኤሌክትሪክ ገመዱ የቀያሪዎች ግፍ በይበልጥ የሚታይበት ቦታ ነው። ሆንዳ ለገመዶቹ ቋሚ የቀለም ቋንቋ አለው፤ ቀይ በቀጥታ ከባትሪ፣ ጥቁር በቁልፍ ሲከፈት ብቻ፣ አረንጓዴ ከሻሲው ጋር የሚያያዝ፣ መሬት የሚባለው። ይህን የሚያውቅ ሰው መብራት ያልበራበትን ምክንያት በአሥር ደቂቃ ያገኛል። በተቀየረ ሞተር ብስክሌት ላይ ግን ከመሪው ስር ስትከፍቱት ከአረንጓዴ ጋር የተቋጠረ ሰማያዊ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ቢጫ፣ የትም የማይደርስ ቀይ ታገኛላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ እንዲህ ያለውን ገመድ በመቀጣጠል አትድከሙ፤ እንደ ፋብሪካው ቀለም ተሠርቶ የሚሸጠውን ሙሉ ገመድ ግዙ። ቁጥብነት እዚህ ላይ እሳት ያስነሳል።

ካርቡራቶሮቹ ደግሞ አንድ ለውጥ ሌላውን እንዴት እንደሚጎትት ያሳያሉ። ቀያሪው የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥቶ በየካርቡራቶሩ አፍ ላይ ትንንሽ ማጣሪያ ሲሰካ ብዙ አየር ስለሚገባ፣ ውስጥ ያሉትን የቤንዚን ቀዳዳዎች በሰፋፊዎች ይለውጣል። ሳጥኑን ብቻ መልሳችሁ ቀዳዳዎቹን ከረሳችሁ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፣ እናንተም በማቀጣጠያው ላይ ትፈርዳላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሲቢ750ዎች ላይ ደግሞ አራቱ ካርቡራቶሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ገመድ ይሳባሉ፤ በቀጣዩ ሞዴል ይህ ቀርቶ አራቱ በአንድ ዘንግ ተያያዙ። ብዙ ባለቤቶች ማስተካከሉ ሲያስመርራቸው የኋለኛውን ዓይነት ገጠሙ። ያ ለውጥ ሞተር ብስክሌቱን አሻሽሎታል፤ ወደ ፋብሪካ መልኩ ልመልስ የሚል ሰው ግን ወደ አስቸጋሪው አራት ገመድ መመለስ አለበት። ይህን ስትሰሙ ልባችሁ ካመነታ፣ ማመንታታችሁ ምን እንደምትፈልጉ እየነገራችሁ ነው፤ ምናልባት የምትፈልጉት መልኩን እንጂ ሙሉውን ማንነቱን አይደለም። ነውር የለውም፣ ስትሸጡት ግን በስሙ ጥሩት።

ቀለም ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ሲቢ750 የመጣው በሦስት ቀለሞች ነበር፤ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ የሩቢ ቀይና ወርቃማ። ሦስቱም ካንዲ የሚባለው ዓይነት ናቸው። ከስር የሚያብረቀርቅ ብረታማ ቀለም ይቀባል፣ በላዩ እንደ ባለ ቀለም መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ይደረብበታል፣ መጨረሻ ላይ ጥርት ያለ መከላከያ ይለበሳል። ብርሃን ገብቶ ከስር ካለው ብረታማ ንብርብር ተመልሶ ስለሚወጣ ታንኩ ከውስጡ የሚያበራ ይመስላል። የመካከለኛው ንብርብር ውፍረት ትንሽ ሲለያይ ቀለሙ ይለያያል፤ ቀቢው እጁ አንድ ጊዜ ከዘገየ የጎን ሽፋኑና ታንኩ ወንድማማች መሆናቸው ይቀራል። ፀሐይም ይህን ዓይነት ቀለም ክፉኛ ታደበዝዘዋለች። ታዲያ እውነተኛው ቀለም የት ይገኛል? ፀሐይ ያላየችበት ቦታ። ታንኩን ገልብጡ፣ የስም ምልክቱን ነቅላችሁ ስሩን እዩ፣ የፊት መብራቱን የሚይዙትን ጆሮዎች ውስጣቸውን ተመልከቱ። ሦስት ጊዜ የተቀባ ታንክ እንኳ በስስ የአሸዋ ወረቀት በጥንቃቄ ሲታሽ፣ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ታሪኩን ያወጣል፤ ከላይ ጥቁር፣ ቀጥሎ የ70ዎቹ ነበልባል ሥዕል፣ ከዚያ ግራጫ መሠረት፣ ከሁሉም በታች የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ። ያቺን ሳንቲም ፎቶግራፍ ሳታነሱ አትለፏት።

አብዝቶ ማሳመርም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ፋብሪካው አብዛኞቹን ብሎኖች በዚንክ እንጂ በክሮም አልለበጠም፤ ደብዘዝ ያሉ ነበሩ። የሞተሩን አካል እንደ መስታወት የሚያስወለውል፣ ሻሲውን በወፍራም የዱቄት ቀለም የሚያስሸፍን ሰው በ1969 ያልነበረ ሞተር ብስክሌት እየፈጠረ ነው። ያምራል፤ አልተመለሰም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መመለሱ ራሱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ አለ። በ1966 የተመሠረተው የዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በ2012 የቱሪን ቻርተር የተባለ ሰነድ አጽድቋል። ሰነዱ ተሽከርካሪው በአገልግሎት ላይ በነበረበት ዘመን የተደረጉበት ለውጦች የታሪኩ ምስክር ስለሆኑ ሊጠበቁ ይገባል፣ የግድ ወደተሠራበት ቀን መልክ መመለስ አያስፈልግም ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። በ1973 በካሊፎርኒያ በጥሩ እጅ ተሠርቶ፣ ከነቀለሙና ከነወንበሩ የተረፈ ቾፐር ዛሬ እንደ ፋብሪካው ሲቢ750 ሁሉ የዘመኑ ቅርስ ነው፤ እሱን ማፍረስ አንዱን ታሪክ አጥፍቶ ሌላውን መኮረጅ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በፊት ለፎቶግራፍ ሲባል ጅራቱ የተቆረጠውን ግን ያለ ምንም ጸጸት መልሱት።

ስትመልሱም የወጣውን አትጣሉ። ረጃጅሞቹን የሹካ ቱቦዎች፣ ዝቅ ያለውን መሪ፣ የአንድ ሰው መቀመጫውን በካርቶን አድርጉ። ከመፍታታችሁ በፊት ያነሳችሁትን ፎቶግራፍ፣ የዕቃዎቹን ቁጥሮችና የተበየደውን ቦታ የጻፋችሁበትን ደብተር ጨምሩበት። ሞተር ብስክሌቱ ሲሸጥ ካርቶኑም አብሮ ይሂድ።