የርጭት ልስን በጎጃም የብሎኬት ግድግዳዎች ላይ

የርጭት ልስን የውጭ ግድግዳ ማጠናቀቂያ ነው። ሲሚንቶ፣ ኖራ፣ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር አንድ ላይ ይለወሱና ገና እርጥብ እንዳሉ በግንበኛ ማንኪያ እየተወረወሩ ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ። ጠጠሩ ሲወረወር አስቀድሞ በልውሱ ስለተሸፈነ ገጹ ሻካራ፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት ይሆናል። ደረቅ ጠጠር በለስላሳ ልስን ላይ ከሚበተንበት ዘዴ የሚለየው በዚህ ነው። በዚያኛው ጠጠሩ ራቁቱን ስለሚቀር ከጊዜ በኋላ ሊረግፍ ይችላል። የርጭት ልስን ጠጠር ግን በትክክል ከተሠራ የግድግዳው አካል ሆኖ ይኖራል። ዝናብ በማይለያት ስኮትላንድ ይኸው ዘዴ ለዘመናት የቤት ልብስ ሆኖ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታሪክ

የጎጃም የቤት ልስን መሠረቱ ጭቃ ነው። ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ የእንጨት ግድግዳ ላይ ይመረግና በእበት ይለቀለቃል። ይህ ሙያ ዛሬም በገጠር አለ።

የኖራ ግንባታ ታሪክ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ለጎጃምም የሚያኮራ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው መርጡለ ማርያም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አላት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) እንደገና አንሥተውታል። የአካባቢው ትውፊት የደብሩን አመሠራረት ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የዓላታ ድልድይም በ1620ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ብዙዎች የፖርቱጋሎች ሥራ ይሉታል። ኖራው በእንቁላል ተለውሷል የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። ሆኖም ኖራ ለመጠንከር እንቁላል አያስፈልገውም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ራሱ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል።

ሲሚንቶና የርጭት ልስን ወደ ጎጃም የገቡት በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው ይባላል። ግንበኛው ዛሬም ማለስለሻውን ፍራታሶ፣ የግድግዳውን ግርጌ ዞኮሎ፣ የልውስ መሸከሚያውን ባሬላ ማለቱ ለዚህ አባባል ክብደት ይሰጠዋል። ከነጻነት በኋላ በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ ከተማዋም አደገች። ብሎኬት ጭቃውን መተካት ከጀመረ ወዲህ ርጭቱ በአጥርና በውጭ ግድግዳ ላይ ተለመደ። በቅርብ ዓመታት ኳርትዝ ቀለም ብዙውን ቦታ ወስዶበታል።

አየሩና ግድግዳው

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ነፋስ ሲገፋውም ግድግዳውን በጎን ይመታል። ለስላሳ ልስን ላይ ውሃው ወለል ብሎ ይወርድና ያገኘውን ስንጥቅ ሁሉ ይጠጣል። ሻካራው ገጽ ግን ወራጁን ውሃ ይሰባብረዋል። የገጹም ስፋት ስለሚጨምር ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ ይደርቃል። ጥቃቅን ስንጥቆችም ጎልተው አይታዩበትም።

ለሥራው የሚመረጠው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ልስኑን ከመጠንከሩ በፊት ያደርቁታል። በእንጅባራና በአዊ ደጋ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ሲሚንቶ በደንብ አይጠነክርም። እዚያ ማለዳ ሳይሆን ረፋድ ላይ ተጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆም ይገባል።

ብሎኬቱ (40 በ20፣ ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር) በአብዛኛው የሚመረተው ከሲሚንቶና ከቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም ከድንጋይ ወፍጮ ብናኝ ነው። ቀዳዳማ ስለሆነ ውሃ በኃይል ይስባል። አዲስ ብሎኬት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ 28 ቀን ሳይሞላው ተገንብቶ ወዲያው ከተለሰነ ስንጥቁ ልስኑ ላይ ይወጣል።

ማቴሪያሉ

በጎጃም ትልቁ ፈተና አሸዋ ነው። አገሩ በአመዛኙ ባዛልት ስለሆነ ንጹሕ አሸዋ እንደልብ አይገኝም፤ ከወንዝ የሚወጣውም ደለል ይበዛበታል። መፈተሻው ቀላል ነው። አሸዋው በመስታወት ብልቃጥ እስከ ግማሽ ይሞላል፣ ጥቂት ጨው የተጨመረበት ውሃ ይፈስበታል፣ በኃይል ተንጦ ለሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ከላይ የሚረጋው ደለል ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ አሸዋው መታጠብ አለበት። ደለል ያለበት አሸዋ ልውሱን ለእጅ ስለሚያለሰልሰው አንዳንድ ሠራተኛ ይወደዋል፤ በኋላ የሚፈጥረው የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ግን የሚድን አይደለም።

ጠጠሩ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ታጥቦ ብናኙ የወጣለት የተፈጨ ባዛልት ይሁን። ቀይ ጠጠር ለርጭት አይመረጥም፤ ውሃ ይጠጣል፣ በቀላሉም ይፈረካከሳል። ኖራው በውሃ የጠፋ (ውሃ ጠጥቶ የተፈታ) ደቃቅ ኖራ ነው። ብዙ ሠራተኞች ያለ ኖራ ይሠራሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ኖራ የሌለው ልውስ ውሃውን ስለማይዝ ከማንኪያው ላይ ይለያያል፤ ሲደርቅም ግትር ሆኖ ይሰነጠቃል። በደጀን በኩል የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይም የጂፕሰም (የጀሶ) ንጣፍም አለው፤ ሁለቱ ግን መምታታት የለባቸውም። ጀሶ ከሲሚንቶ ጋር ከተቀላቀለና እርጥበት ካገኘ ያብጣል፤ ልስኑንም ከግድግዳው ይገፋዋል።

አሠራሩ

ሥራው ሦስት ድርብ፣ ማለትም ሦስት ተደራራቢ ንጣፍ፣ አለው። የማይጣሰው ሕግ ወደ ውጭ የሚመጣው ድርብ ከሥሩ ካለው የጠነከረ እንዳይሆን ነው። ጠንካራው ሲኮማተር ደካማውን ይዞት ይነሣል።

መጀመሪያ ግድግዳው ከአቧራ ይጸዳል። የኮንክሪት ዓምድና ጠርዝ በመሮ እየተቆነጠረ ይቆስላል። ኮንክሪትና ብሎኬት የሚገናኙበት መስመር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዶሮ ሽቦ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆኖ ይመታል። ሁለቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ሽቦ ካልተደረገ መስመሩ በልስኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ብሎኬቱ ይረጥባል። ውሃው ተመጦ ገጹ ሳያብረቀርቅ ሥራው ይጀመራል።

የመጀመሪያው ድርብ 1 ሲሚንቶ ለ2 ሻካራ አሸዋ፣ ቀጠን ብሎ ተለውሶ ይወረወራል፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይይዛል። በፍራታሶ አይነካም። ሻካራነቱ ለሚቀጥለው ጥርስ ነው። አንድ ሁለት ቀን በእርጥብ ይቆያል።

ሁለተኛው 1 ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኖራ፣ 4 አሸዋ ሆኖ በቱንቢ በተተከሉ መስመሮች መካከል 12 ሚሊ ሜትር ይለሰናል። በስታጃ (ቀጥ ባለ ረጅም ማስተካከያ) ይቆረጥና ሳይለሰልስ በሞገድ መስመር ይጫራል። ቢያንስ ለሦስት ቀን ውሃ ይረጫል፤ እስከ ሰባተኛው ቀንም ይተዋል። የግድግዳው ቀጥታነት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ርጭት ጠማማ ግድግዳን ያቃናል የሚለው ተስፋ ከንቱ ነው።

ሦስተኛው ራሱ ርጭቱ ነው፦ 1 ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኖራ፣ 3 አሸዋ፣ 1 ተኩል ጠጠር። መለኪያው በአካፋ አይሆንም። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን 36 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ይቆጠራል። ልውሱ እንደ ቀጠነ ገንፎ ይሁን፤ ከማንኪያው ሳይንጠባጠብ ይያዝ፣ ሲወረወርም ይልቀቅ። ሠራተኛው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ጥቂት በማንኪያው ያነሣና በእጅ አንጓው ቆረጥ አድርጎ ቀጥ ብሎ እንዲመታ ይወረውራል። ከጎን የተወረወረ ልውስ ጠጠሩን በአንድ ወገን ይከምራል፣ በሌላው ጥላ ይተዋል። ከላይ ወደ ታች ይወረዳል። የሳሳ ቦታ ሲታይ እንደገና ይወረወርበታል እንጂ በማንኪያ አይደፈጠጥም፤ አንዴ የተዳጠ ቦታ ከሩቅ ይለያል።

አንድ ፊት በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። ካልተቻለ ማቆሚያው ማዕዘን ወይም የዝናብ ውሃ ማውረጃ ቱቦ ያለበት መስመር ይሁን፤ መሐል ላይ የተቋረጠ ሥራ ጠባሳው አይጠፋም። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ግድግዳውን ሳይነካ ለብቻው የቆመ ቢሆን ይመረጣል፤ ግድግዳ ውስጥ የገባ እንጨት ሲወጣ የሚሞላው ቀዳዳ ሁሉ ይታወቃል። ሲሚንቶው ውሃ ከነካው በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልተወረወረ ልውስ ይጣላል፤ ውሃ ጨምሮ ማደስ አይገባም። ዓይን በመነጽር ይሸፈን፤ የኖራ ፍንጣሪ ዓይን ያቃጥላል።

ርጭቱ መሬት አይነካም። ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ውጭ በወጣ ጠርዝ ያበቃና ዞኮሎው በለስላሳ ሲሚንቶ ይጨረሳል። መሬት ድረስ ከወረደ እርጥበት ወደ ላይ ይስባል።

ለ10 ካሬ ሜትር ከሦስቱም ድርብ ጋር ሁለት ተኩል ከረጢት ሲሚንቶ፣ 17 ኪሎ ኖራ፣ ሩብ ሜትር ኩብ አሸዋና 40 ሊትር ጠጠር ይያዛል፤ በርጭት ጊዜ የሚወድቀው ተቆጥሮ ነው። ከሥር ንጹሕ ሸራ ከተነጠፈ የወደቀው ወዲያው ተሰብስቦ ያገለግላል፤ አፈር የነካው ግን አይመለስም።

የሚበላሸውና ጥገናው

በመዶሻ እጀታ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ከሥሩ ለቋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ፣ ያልረጠበ ብሎኬት ወይም የተዘለለ የመጀመሪያ ድርብ ነው። ነጭ ዱቄት ከወጣ ከብሎኬቱ ወይም ካልታጠበ አሸዋ የመጣ ጨው ነው፤ ግድግዳው ደርቆ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ በውሃ ቢታጠብ ጨው ተመልሶ ይገባል። የቀለም መዥጎርጎር የሚመጣው አሸዋ በመሐል ስለተቀየረ ወይም ውሃው በዓይን ስለተገመተ ነው። ፀሐይ በማያገኘው ፊት ላይ በክረምት አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ይበቅላል፤ መፍትሔው የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘምና አሸንዳውን ማስተካከል ነው።

የለቀቀው ቦታ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ እስከ ብሎኬቱ ይወጣል፣ ጠርዙ ይረጥባል፣ ሦስቱ ድርቦች በየቀናቸው ይመለሳሉ። አዲሱ ከአሮጌው በቀለም መለየቱ ስለማይቀር ሙሉ ፊቱን በኖራ ወይም አየር በሚያሳልፍ ቀለም መቀባት ይሻላል። ዘይት ቀለም እርጥበቱን ስለሚያፍን ከሥሩ ይፋቃል።