የቮልስ እድሳት፦ አሮጌዋን ቮልስዋገን ማደስና ማሻሻል በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ «ቮልስ» ከተባለ ማንም ሰው የሚያስበው አንዷን መኪና ነው። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ መብራቷ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና። ጀርመኖች ጥንዚዛ ይሏታል። እኛ ቮልስ ብለናት ቀርተናል፤ ስሙም ተስማምቷታል።

ይህ ጽሑፍ ስለ እድሳቷና ስለ ማሻሻያዋ ነው። ስለዚህ ሥራ በአማርኛ የተጻፈ ብዙ ነገር ስለሌለ፣ እዚህ ያለው በዋናነት ከጥገና መጽሐፎችና ከጋራዥ ሰዎች የተለቀመ ነው። ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን ይገለጻል።

መኪናዋ

ንድፏ የፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። ፋብሪካው በ1938 ተመሠረተ፣ ጦርነት መጣ፣ ለሕዝብ የታሰበችው መኪናም ቆመች። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካውን ያስነሳው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ነው። የካቲት 17 ቀን 1972 15,007,034ኛዋ ቮልስ ተመረተች፤ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰንም ሰበረች። የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ወጣች። በጠቅላላው 21,529,464 ተመርተዋል።

አዳሹ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የስንት ሞዴል ናት?» ብሎ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር አይገጥምም፤ ዕቃ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል። ስለዚህ መኪናዋን ማንበብ ያስፈልጋል። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከመጋቢት 1953 በፊት የወጣች ናት። ሞላላ ከሆነ ከ1953 እስከ 1957። ከዚያ በኋላ ሰፊና አራት ማዕዘን ሆነ። መብራቱ ከመከላከያው ክንፍ ጋር ተዳፍቶ የተኛ ከሆነ ከ1968 ሞዴል በፊት ናት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከዚያ ወዲህ። የፊት መስታወቷ የታጠፈ ከሆነ 1303 የሚባለው የ1970ዎቹ ሞዴል ነው። አሮጌዎቹ የነዳጅ ጌጅ እንኳ የላቸውም። ነዳጅ ሲያልቅ እግር ሥር ያለች ማዞሪያ ይዞርና በመጠባበቂያው ይኬዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ

ቮልስ በንጉሡ ዘመን የመምህሩ፣ የሐኪሙና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች ማለት ይቻላል። ዋጋዋ የሚቻል፣ ነዳጇ ቁጥብ፣ ጥገናዋ ቀላል ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡትም በቮልስ ነው። ስለ ቀለሟ ነገሩ ይለያያል። አረንጓዴ ነበረች የሚል አለ፤ ሰማያዊ ነበረች የሚልም አለ። ቮልስ መሆኗ ላይ ግን ክርክር የለም። በደርግ ዘመን አዲስ መኪና እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ ያለችው እየተጠገነች ቆየች።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ ሁለት ሕጎች የቮልስን ነገር ቀይረውታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ አሁን የሚታደሱት እዚሁ ያሉት ናቸው። አንዷ ከተጣለች በምትኳ ሌላ አትመጣም።

የጋራዡ ቋንቋ

ጀርመናዊቷን መኪና የምናድሳት በጣሊያንኛ ቃላት ነው። ካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰው)፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን)፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ (የጎማ ብረት)፣ ዳዶ። ሙያውን ያወረሱን መካኒኮች የተዉልን ናቸው። ላሜራ ቀጥቃጩ ራሱ ባትላሜራ ነው። መለዋወጫው ደግሞ በብዛት ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ያልተገኘው ምናለሽ ተራ ይታሰሳል፤ እዚያም ከጠፋ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ብራዚል ቮልስን እስከ 1996 ድረስ፣ አንድ ጊዜ አቋርጣም ቢሆን፣ ስላመረተች ከዚያና ከሜክሲኮ የሚመጣ ዕቃም አለ። ውጭ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው በሻንጣ ጋስኬትና ካርቡራተር ያስመጣል።

ሞተሩ

እዚህ ላይ ረዘም ማለት ያስፈልጋል። የቮልስ ፍቅር የሚጀምረው ከሞተሩ ነው።

አራት ሲሊንደር አለው። ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ራዲያተር የለም፣ ውሃ የለም፣ ጎማ ቱቦ ፈንድቶ መንገድ ላይ መቅረት የለም። ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። የነዳጅ ቱቦው፣ የነዳጅ መስጫ ገመዱ፣ የማሞቂያ ገመዶቹና ጥቂት ሽቦዎች ከተፈቱ በክሪክ ይወርዳል። ሁለት ሰው ተሸክሞ ወደ ጠረጴዛ ሊወስደው ይችላል። ልምድ ያለው መካኒክ ሞተር ለማውረድ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። እንዲህ ታስባ የተሠራች መኪና በመሆኗ ነው እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ያለችው። ለማደስ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥሩ እጅ ይበቃል።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው። የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ አቧራ ባለበት መንገድ ቀደም ቢል ይሻላል። ያኔውኑ ቫልቭ ይስተካከላል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ላሉት አብዛኞቹ ሞተሮች ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ መለካት አለበት። ሞቅ እያለ የሚያስተካክል ሰው ቫልቭ ያቃጥላል።

ሦስተኛው ሲሊንደር የቮልስ ደካማ ጎን ነው። በአሮጌው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው በፋኑ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይከልላል። ስለዚህ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ፋብሪካው ይህን ለ1971 ሞዴል አረመ፤ ማቀዝቀዣውን ከፋኑ ቤት አውጥቶ ከኋላ አስቀመጠው። በእኔ እምነት ማንኛውም አዳሽ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባ ማሻሻያ ይህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ እስከ ደጀን የሚወጣ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

ቺንጋው ዲናሞውንም ፋኑንም ያዞራል። ከተበጠሰ ሁለቱም ይቆማሉ። ስለዚህ ቀዩ የቻርጅ መብራት ሲበራ «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። ወዲያው ማቆም ነው። አንድ ትርፍ ቺንጋና የሚፈታበት ቁልፍ ከመኪናዋ አይለዩም።

ከፍታውም ይታሰብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1200 ሲሲ ሞተር እዚህ 26 አካባቢ ይቀረዋል። ካርቡራተሩ ግን በባሕር ዳርቻ ልኩ ነዳጅ መስጠቱን ይቀጥላል። ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላና የነዳጅ ብክነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ብቻውን መኪናዋን ሌላ ያደርጋታል።

ቦዲው

ቦዲው ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው። ተፈትቶ ይነሳል። የሚዝገው ግን ቀድሞ ይታወቃል፦ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል፣ እና በበሮቹ ሥር የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጡት ሣጥን መሳይ ላሜራዎች። እነዚህ የመኪናዋ አጥንት ናቸው። ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት አያዋጣም። ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ ነው።

ማሻሻል ወይስ እንደ ነበረች መተው?

ቮልስ ወዳጆች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ «እንደ ወጣች ትቆይ» ይላል። የመጀመሪያ ቀለሟ፣ የመጀመሪያ ቸርኬዋ፣ የ6 ቮልት ባትሪዋ ሳይቀር። ሌላው ደግሞ ዝቅ አድርጎ፣ ሰፊ ጎማ አግብቶ፣ ሞተሯን ወደ 1600 ያሳድጋል። ሁለቱም የየራሱ ክብር ይኖረው ይሆናል። የፊት ፍሬንን ወደ ዲስክ መቀየር ግን ክርክር የሚያስፈልገው አይደለም። በዛሬው የአዲስ አበባ ትራፊክ ሕይወት ያድናል። ፋብሪካው ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለ1500ዋ የሰጣት ነገር ነው።

ከ6 ወደ 12 ቮልት መቀየርም የተለመደ ነው። ዲናሞ፣ አምፖሎች፣ ኮይልና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ይቀየራሉ። ሰው የሚሳሳተው የ12 ቮልት ሞተር በ6 ቮልት መኪና ላይ ሲገጥም ነው። የአሮጌው ቮላኖ (ከሞተሩ ጫፍ የሚሽከረከረው ጥርሳም ክብ ብረት) 109 ጥርስ፣ የአዲሱ 130 ጥርስ ስላለውና ስለሚተልቅ የካምቢዮውን አፍ ውስጡን መሞረድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ሞተር ገዝተው የተቸገሩ ጥቂት አይደሉም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩስ ሜየርስ የተባለ ሰው በ1964 በፋይበርግላስ ቦዲ ላይ የቮልስን ሞተር ገጥሞ የአሸዋ መኪና ሠራ፤ በኋላ ደግሞ የቮልስን ወለል አሳጥሮ በላዩ ቦዲውን መጫን ጀመረ። የፊትና የኋላ ክንፏን ቆርጦ ለገጠር መንገድ ከፍ ማድረግም ከዚያው አገር የመጣ ነው።

አዲሱ ወሬ ኤሌክትሪክ ነው። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ አንዷን አሮጌ ቮልስ በኤሌክትሪክ ቀይሮ አሳየ፤ 82 የፈረስ ጉልበት፣ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ቻርጅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀለል ባለው የግል አሠራር ደግሞ ካምቢዮው በቦታው ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ሞተሩ በማገናኛ ብረት ይታሰርበታል፤ ባትሪዎቹ ከፊት ኮፈን ሥርና ከኋላ ወንበር ጀርባ ይደለደላሉ። የወረደው ሞተር ግን አይጣልም። ፋኑ፣ ካርቡራተሩ፣ የሲሊንደር ጭንቅላቶቹ አንድ በአንድ ተፈትተው የሌላ ሰው ቮልስ ላይ ይገጠማሉ።