በጽሑፍ ተጠየቅ፦ የብሪታንያ ፓርላማ ሚኒስትሮችን የሚይዝበት መንገድ

የብሪታንያ ፓርላማ ሲባል ብዙ ሰው ፊት ላይ የሚመጣው ረቡዕ እኩለ ቀን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቆማሉ፣ የተቃዋሚው መሪ ፊት ለፊት ይጋፈጣሉ፣ ከኋላ ጩኸቱ ይቀልጣል። ማየት ደስ ይላል። ሚኒስትሮችን ከልብ የሚያስጨንቃቸው ግን ብዙ ጊዜ ይሄ አይደለም። አንድ የምክር ቤት አባል ቢሮው ቁጭ ብሎ የሚጽፋት የሁለት መስመር ጥያቄ ናት። ካሜራ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ሚኒስትሩ ግን በስሙ፣ በጽሑፍ፣ ከመዝገብ ላይ በማይጠፋ መልክ መልስ መስጠት አለበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለዚህ ነገር ልክክ ይላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የታችኛው ምክር ቤት፣ ማለትም ኮመንስ፣ 650 አባላት አሉት። ሚኒስትር ያልሆነ አባል፣ የገዢው ፓርቲም ይሁን የተቃዋሚ፣ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ጥያቄ ጽፎ ማስገባት ይችላል። ጥያቄውም መልሱም ከነጠያቂውና ከነመላሹ ስም በፓርላማው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ማንም ገብቶ በነፃ ያነባል። በዓመት የሚገቡት ጥያቄዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ከአንድ ሰፈር ሆስፒታል ወረፋ ጀምሮ እስከ ጦር መሣሪያ ሽያጭ ድረስ የማይነሳ ጉዳይ የለም።

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ተመዝግቦ የተገኘው የመጀመሪያው የፓርላማ ጥያቄ የ1721 ነው። በላይኛው፣ በሎርዶች ምክር ቤት፣ ኧርል ኩፐር የተባሉ መኳንንት ተነስተው፣ የሳውዝ ሲ ኩባንያ ዋና ገንዘብ ያዥ የነበረው ሮበርት ናይት ብራስልስ ላይ ተይዟል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለው መንግሥትን ጠየቁ። የኩባንያው አክሲዮን ሰማይ ነክቶ ሲወድቅ ስንቱን አራቁቶት ነበርና ናይት ደግሞ ከአገር ሸሽቶ ነበር። ያኔ ጥያቄው በቃል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃል ጥያቄ እየበዛ፣ እየበዛ ሄዶ የምክር ቤቱን ጊዜ በላው። ስለዚህ በ1902፣ በአርተር ባልፎር የአሠራር ማሻሻያ ወቅት፣ ለቃል መልስ ሰዓት ተገደበና የጽሑፍ መልስ የሚባል ነገር ተጀመረ። የታሰበው ጊዜ ለመቆጠብ ነበር። የተገኘው ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነገር ነው።

ጥያቄ ዝም ብሎ አይጻፍም። ሁሉም «ሚኒስትሩን ለመጠየቅ» በሚል ይጀምራል። እስቲ አንድ ላዘጋጅ፦ «የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯን ለመጠየቅ፤ ባለፈው ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ፣ የጥገኝነት ማመልከቻቸው ከ12 ወር በላይ ውሳኔ ሳያገኝ የቆየ የኢትዮጵያ ዜጎች ስንት ነበሩ?» ልብ በሉ፣ ቀን አለው፣ የጊዜ ገደብ አለው፣ የሚቆጠር ነገር አለው። ሚኒስትሯ ወይ ቁጥሩን ትሰጣለች፣ ወይ ለምን እንደማትሰጥ በጽሑፍ ትናገራለች። አሁን ይሄንን «መንግሥት ስደተኛን ለምን ያንገላታል?» ከሚለው ጋር አስተያዩት። ሁለተኛው ከልብ የወጣ ነው፣ ግን ሚኒስትሯ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል።

የሚመልሰው ቴብል ኦፊስ የሚባለው የፓርላማው ቢሮ ነው። እዚያ ያሉት ሠራተኞች የየትኛውም ፓርቲ አይደሉም። ጥያቄው ለሚኒስትሩ ሥልጣን የሚመለከት መሆኑን፣ መረጃ ወይም እርምጃ የሚጠይቅ እንጂ ክርክር የሚከፍት አለመሆኑን፣ ፍርድ ቤት በያዘው ጉዳይ ላይ እጅ አለማስገባቱን፣ በግምት ላይ ሳይሆን በተጨባጭ ነገር ላይ መቆሙን ያያሉ። ካልሆነ ከአባሉ ጋር ተነጋግረው ያስተካክሉታል። አንዳንዱ አባል በዚህ ይበሳጫል። እኔ ግን ይህ ማጣሪያ ጥያቄውን የሚስል እንጂ የሚያደነዝዝ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ስድብ ያለበት ጥያቄ ለሚኒስትሩ ማምለጫ ነው፣ ስድቡን መልሶ ፍሬ ነገሩን ይዘለዋል።

ሁለት ዓይነት አለ። ተራው ጥያቄ በአንድ ሳምንት ገደማ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ሌላው ቀን የተቆረጠለት ጥያቄ ነው፤ አባሉ መልሱ የሚፈለግበትን ቀን ራሱ ይጽፋል፣ ግን ቢያንስ የሁለት ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት፣ በቀን ከአምስት በላይም ማስገባት አይችልም። በሎርዶች ምክር ቤት ደግሞ አንድ አባል በቀን እስከ ስድስት ያስገባል፣ መልሱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይጠበቃል።

ጥያቄው ሚኒስቴሩ ሲደርስ ምን ይሆናል? ሚኒስትሩ ብዕር አንስቶ አይጽፍም። መሥሪያ ቤቱ የፓርላማ ጉዳዮችን የሚከታተል ክፍል አለው፤ ጥያቄውን ጉዳዩን ለሚያውቀው ባለሙያ ይመራዋል። ባለሙያው ያረቃል፣ አለቃው ያያል፣ አማካሪዎች ያዩታል፣ በመጨረሻ ሚኒስትሩ ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ መልሱ የሚኒስትሩ ነው፣ ባለሙያው ነው የተሳሳተው ብሎ ማምለጥ የለም። የሚያረቁት ባለሙያዎች ደግሞ የተሰጣቸው መመሪያ አለ፤ መንግሥትን ያሳፍራል ወይም ሥራ ያበዛል ተብሎ ብቻ የተጠየቀ መረጃ አይቀነስም ይላል። ወርቅ የሆነ መመሪያ ነው። ሁሌ ይከበራል ወይ? አይከበርም።

ማምለጫው ብዙ ነውና። በጣም የታወቀው የወጪ ሰበብ ነው። መልሱን ማዘጋጀት ከ850 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ሚኒስትሩ «ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም» ብሎ ሊተወው ይችላል። ሌላው «መረጃው በዚህ መልክ አይሰበሰብም» ነው። ሌላው ስለ ደኅንነት ተቋማት አንናገርም ነው። አንዳንዴ ደግሞ መልስ የሚመስል ግን መልስ ያልሆነ ነገር ይመጣል፤ ስንት ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ «መንግሥት ለጉዳዩ ከፍተኛ ትኩረት ይሰጣል» ይባላል። እኛም ይህችን ዓረፍተ ነገር በደንብ እናውቃታለን።

ጎበዝ ጠያቂ ግን እዚህ ላይ አይቆምም። የመጀመሪያውን መልስ ጠቅሶ ተከታይ ጥያቄ ያስገባል። ቁጥሩ ካልተሰበሰበ ለምን አልተሰበሰበም? ከየትኛው ዓመት ጀምሮ? ወጪው በዛ ከተባለ፣ የአሥር ዓመቱን ትቶ የአንድ ዓመቱን ይጠይቃል። ልክ እንደ ድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት፣ ተጠያቂው በተናገረው ቃል መልሶ ይያዛል። የኮመንስ የአሠራር ኮሚቴም የየመሥሪያ ቤቱን የመልስ ፍጥነት እየተከታተለ ያወጣል፣ የሚያዘገዩትንም ማብራሪያ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የቤልግራኖን ነገር ይስማ። በፎክላንድ ጦርነት ጊዜ፣ ሜይ 2 ቀን 1982፣ የብሪታንያ ሰርጓጅ መርከብ ጀኔራል ቤልግራኖ የተባለችውን የአርጀንቲና የጦር መርከብ አሰጠመች። 323 ሰው አለቀ። መንግሥት መርከቧ ወደ ብሪታንያ መርከቦች እየተጠጋች ነበር አለ። የስኮትላንዱ የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባል ታም ዳልዬል አላመነም። ለዓመታት ጠየቀ። በየት አቅጣጫ ትሄድ ነበር? መቼ ታየች? የገዛ ፓርቲው ሰዎች እንኳ ሰለቹት። የመከላከያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሙያ የነበረው ክላይቭ ፖንቲንግ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሚያዘጋጁት አንዱ ነበር፤ ሚኒስትሮቹ እውነቱን ለምክር ቤቱ ላለመስጠት መወሰናቸውን ሲያይ በጁላይ 1984 ሰነዶችን ለዳልዬል በፖስታ ላከለት። መርከቧ ከመመታቷ ከሰዓታት በፊት አቅጣጫ ቀይራ ርቃ እየሄደች ነበር። ፖንቲንግ በመንግሥት ምስጢር ሕግ ተከሰሰ። ዳኛው የአገር ጥቅም ማለት በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት የሚለው ነው ብሎ ጁሪውን (ከተራው ሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱትን) ቢመራም፣ ጁሪው በፌብሩዋሪ 1985 ነፃ አወጣው። መርከቧን መምታት ትክክል ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ለምክር ቤት የተሰጠው መልስ ግን እውነቱን አልያዘም ነበር፣ ይህንን ያወጣው ደግሞ የማይሰለች ጠያቂ ነው።

ከዚያ የባሰው የኢራቅ መሣሪያ ጉዳይ ነው። በ1988 መጨረሻ ሦስት ሚኒስትር ዴኤታዎች ለኢራቅ የሚሸጥ የጦር ዕቃ መመሪያ እንዲላላ አደረጉ። ለፓርላማ አልተነገረም። አባላት ሲጠይቁ መመሪያው አልተለወጠም የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። በኋላ ማትሪክስ ቸርችል የተባለ የማሽን ኩባንያ ኃላፊዎች ዕቃ በሕገ ወጥ መንገድ ልካችኋል ተብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ መንግሥት ሽያጩን ያውቅ እንደነበር ሲወጣ ክሱ በ1992 ፈረሰ። ዳኛ ሪቻርድ ስኮት ሦስት ዓመት መርምረው በፌብሩዋሪ 1996 ሪፖርታቸውን አወጡ፤ ለጥያቄዎች የተሰጡት መልሶች አሳሳች እንደነበሩ በግልጽ ጻፉ። መንግሥት በምክር ቤቱ ክርክር 320 ለ 319፣ በአንድ ድምፅ ተረፈ። በዚህ ጉዳይ አንድም ሚኒስትር አልለቀቀም፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግባል። ግን ፍሬ አልቀረም። በማርች 1997 ምክር ቤቱ ሚኒስትሮች ለፓርላማ ትክክለኛና እውነተኛ መረጃ መስጠት እንዳለባቸው፣ እያወቀ ያሳሳተ ሚኒስትርም ከሥልጣን ለመልቀቅ ጥያቄ ማቅረብ እንደሚጠበቅበት በውሳኔ አጸደቀ።

ጠያቂዎቹም ንጹሕ ብቻ አልነበሩም። በ1994 ጋዜጠኛ ነጋዴ መስሎ ለአንድ ጥያቄ 1,000 ፓውንድ ቢያቀርብ እሺ ያሉ አባላት ተገኙ፤ በዚያው ዓመት ሌሎችም ከአንድ ባለሀብት ገንዘብ ተቀብለው ጠይቀዋል የሚል ክስ ወጣ። የባለሥልጣናትን ሥነ ምግባር የሚመረምረው የኖላን ኮሚቴ የተቋቋመው ያኔ ነው። ዛሬ ጥያቄው ከጥቅሙ ጋር የሚነካካ አባል ያንን ማስታወቅ አለበት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። ሥልጣኑ ተጽፏል። በቴሌቪዥን የምናየው ግን በአብዛኛው ሪፖርትና የቃል ጥያቄ ነው፤ ሚኒስትሩ የዘጠኝ ወር አፈጻጸሙን ያነባል፣ ብዙ ጥያቄ በአንድ ላይ ይደረደራል፣ መልሱም በአንድ ላይ ይመጣል። በዚህ መሀል ከባዱ ጥያቄ ተሸፋፍኖ ያልፋል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ በጽሑፍ ሲሆን ግን መሸሸጊያ ቦታው ይጠብባል። ይህ ለእኛም ምክር ቤት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

በብሪታንያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ዛሬውኑ ይጠቀሙበታል። ተቃዋሚው ፖለቲከኛ አንዳርጋቸው ጽጌ በጁን 2014 የመን ውስጥ ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ሲወሰዱ የብሪታንያ ዜጋ ነበሩ፤ በሜይ 2018 እስኪፈቱ ድረስ የፓርላማ አባላት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩን ደጋግመው ጠይቀዋል። በእርግጥ ጥያቄ ብቻውን እስር ቤት አይከፍትም። ግን ሚኒስቴሩ ጉዳዩን ረስቼው ነበር እንዳይል አድርጎታል።

እዚያ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የአካባቢያችሁ የፓርላማ አባል የእናንተም ተወካይ ነው፣ ዜግነት ባይኖራችሁም። የራሳችሁ ፋይል ከዘገየ ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ የግል ጉዳይ በጽሑፍ ጥያቄ አይፈታም። ችግሩ የብዙ ሰው ከሆነ ግን የጽሑፍ ጥያቄ እንዲያስገባ ኢሜይል ላኩለት። ጥያቄውን ራሳችሁ አርቁለት፣ አጭር ይሁን፣ ቀንና ቁጥር ይኑረው። ከመላካችሁ በፊት የፓርላማውን ድረ ገጽ ፈትሹ፤ ባለፉት ሦስት ወራት መልስ ያገኘ ተመሳሳይ ጥያቄ ካለ ቴብል ኦፊስ አይቀበለውም። ያንን መልስ አንብቡና የዘለለውን ነገር ጠይቁ።