ተለባሽ የኤአይ ጓደኛ ምንድን ነው?

ማተብ ከሚታሰርበት ቦታ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ማይክሮፎንና ባትሪ አለው። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል፤ የሰማው ነገር በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ይሄዳል፤ እዚያ ያለው የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሞዴል መልስ ያዘጋጃል። ብዙ የተወራለት «ፍሬንድ» የተባለው፣ ገበያ ላይ ሲወጣ 129 ዶላር የተሸጠው፣ የራሱ ድምፅ እንኳ የለውም፤ መልሱ በስልክ በጽሑፍ ይመጣል። ዋናው ነገር ግን መስማቱን አለማቆሙ ነው። ባለቤቱ ባያናግረውም ሲያዳምጥ ይውልና በየመሃሉ ስለሰማው አስተያየት ይልክለታል።

እኛ ጎጃም ውስጥ ይህን ዕቃ የምናውቀው በቲክቶክ ነው። ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ግን ምን እንደማይጠፋ የታወቀ ነው።

የ«ፍሬንድ» አምራች አቪ ሺፍማን የሚባል ወጣት ነው፤ friend በሚል የእንግሊዝኛ ቃል የተሰየመውን የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኒው ዮርክን የምድር ባቡር በማስታወቂያ ሲሞላው፣ መንገደኛው ስክሪብቶ እያወጣ ጻፈበት፤ ገሚሱ ስለላ ነው አለ፣ ገሚሱ የሰው ጓደኛ ፈልጉ አለ። ቴክኖሎጂ ብርቁ ያልሆነ ከተማ እንዲህ ከተቆጣ፣ የእኛ ጥርጣሬ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም ማለት ነው።

የእኔ ጥርጣሬ ይሠራል አይሠራም ከሚለው ላይ አይደለም። ገዢው ፈቅዶ ነው የገዛው፤ አጠገቡ የተቀመጠውስ? ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የቡና ሰዓት ይታሰብ። አቦሉ ላይ ወሬው የጤፍ ዋጋ ነው። ቶናው ላይ የልጅ ነገር ይመጣል። በረካ ሲደርስ ድምፅ ይቀንሳል፦ የማን ትዳር እንደታመመ፣ የትኞቹ ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ፍርድ ቤት እንደቆሙ። «እኒያ ሰውዬ» ይሉና እትዬ አገጫቸውን ወደ ጎረቤት አጥር ይቀስራሉ፤ ስም አይጠራም። ልጅቱ አንገት ላይ ያለው ዕቃ አገጩን አያይም፤ ቃሉን ግን ይልካል።

«አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ጓደኛዬ ነው፣ እትዬ። የምንለውን ይሰማል።»

ከዚህ በኋላ በረካውን የሚጠጣ ሰው ይገኝ ይሆን?

ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ወሬ እንኳ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ያወራው ሰው ይታወቃል፣ በሽማግሌ ይዳኛል። የነፍስ አባትን ደግሞ የሰሙትን እንዳያወጡ ቀኖና ያስራቸዋል። (ለመሆኑ ንስሐ ሲገባ ዕቃው ይወልቃል?) ኩባንያን የሚያስረው ማንም ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለው ውል ነው፤ ኩባንያው ራሱም ለሌላ ይሸጣል። «ቢ» የተባለውን የሚያዳምጥ አምባር አማዞን በ2017 ዓ.ም. ገዛው። «ሊሚትለስ» የሚባለውን የአንገት ዕቃ የሚሠራውን ድርጅት በኅዳር 2018 ዓ.ም. የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ገዛው። ለአንዱ የነገሩት ሌላው ቤት ሄዶ ያድራል። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን በ2016 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያን ከደብረ ማርቆስ መክሰስ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ጓደኝነቱም ዕድሜው የኩባንያውን ያህል ነው። «ሂዩሜን» የተባለው ድርጅት ልብስ ላይ የሚሰካ የኤአይ ዕቃ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በ699 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በየወሩ 24 ዶላር ይጨመርበት ነበር። ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ የድርጅቱን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ወሰደና የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰርቨሩ ተዘጋ። በዚያው ቀን የገዢዎቹ ዕቃ ደረት ላይ የተሰካ ብረት ሆኖ ቀረ። ለእኛ ደግሞ ኩባንያው እስኪዘጋ መጠበቅም አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። በዚያ ወቅት፣ ሰው የሚያጫውተው በጣም በሚፈልግበት ሰዓት፣ ይህ ጓደኛ ዲዳ ይሆን ነበር።

ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ለትምህርት መጥቶ ኪራይ ቤት ብቻውን የሚያድር ልጅ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ሌሊት በስልኩ ኤአይ ቢያናግር አልፈርድበትም፤ የራሱን ጉዳይ ነው የሚያወራው፤ ሲጨርስም ይዘጋዋል። የአንገቱ ዕቃ ግን የቤት አከራዩንም፣ የክፍል ጓደኛውንም፣ በስልክ የምታለቅስ እናቱንም አብሮ ይወስዳል።

ዘመድ ከላከልዎና መጣሉ ካስቆጨዎ፣ ሰው ቤት ሲገቡ በር ላይ ያውልቁት፤ በኪስ ውስጥም ይሰማልና ያጥፉት። ትምህርት ወይም ስብሰባ ለመቅዳት ከሆነ የፈለጉት፣ ስልክዎ ላይ ያለው ድምፅ መቅጃ ይበቃል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ከመቅዳትዎ በፊትም የተቀመጠውን ሰው «ልቅዳ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ይሰጣል።