ጄኔራልም ያስነጥሰዋል፦ ስለ ሠራዊትና ወረርሽኝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም በኮሮና ምክንያት ለ14 ቀን መግቢያ መውጫቸው ሲዘጋ እኔ ደብረ ማርቆስ አጎቴ ቤት ነበርሁ። አጎቴ የድሮው ጦር አሥር አለቃ ናቸው። ዜናውን ሰምተው ሲጨርሱ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ይኼን ነገር ለጦር ቢሰጡት በሳምንት ይጨርሰው ነበር» አሉ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ፤ አጎቴን የሚከራከር ሰው ገና አልተወለደም። ኋላ ግን የየአገሩ ጦር በወረርሽኝ ጊዜ ምን እንደሠራ ባነበብሁ ቁጥር ያች ንግግር ትመጣብኛለች። በዚያ ሰሞን ከቡናው ዙሪያ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሣቸው። (ዛሬ ጎጃም ውስጥ «ወታደር» ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ የማወራው ስለ በሽታ ብቻ ነው።)

«ወታደር ጠንካራ ነው፤ በሽታ አይደፍረውም»

ከሁሉ በፊት የሚነሣው ይህ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ስሕተትም ይኸው ነው። ብርሸለቆ ሠልጥኖ የመጣ የሰፈራችሁን ልጅ ጠይቁት፤ ብቻውን የዋለበትን አንድ ሰዓት ሊነግራችሁ አይችልም። ባንድ ጣሪያ ተኝቶ፣ ባንድ ሰልፍ በልቶ፣ ባንድ መኪና ተጭኖ ነው የሚከርመው። ጡንቻው ለተራራ እንጂ ለትንፋሽና ለተበከለ ውኃ አይጠቅመውም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በ1858 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ዘጌ ሰፍሮ ነበር። ኮሌራ ገባበት። ያኔ በንጉሡ እጅ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው በቀን በመቶ የሚቆጠር ሰው ያልቅ ጀመር። ንጉሡ ሰፈሩን አስነሥተው ከሐይቁ ማዶ ቆራጣ አጠገብ ካለ ከፍታ ላይ አሰፈሩት፤ በሽታው አብሮ ተሻገረ። በሰፈሩም በከተማውም ሞቱ ቀጠለ፤ በቤተ ክርስቲያኑ መቀበሪያ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ። በመጨረሻ ጦሩ ወደ በጌምድር ደጋ ወጣ። ከቆሸሸ ውኃ መሸሹ ትክክል ነበር፤ ዛሬም አተት የገባበት ካምፕ መጀመሪያ የሚመረመረው ውኃው ነው። ግን የቆራጣ ሰው ምን አጠፋ? ጦር ሲጓዝ በሽታውን ስንቅ አድርጎ እንደሚጓዝ የተማረው በራሱ ሬሳ ነው።

አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት የ1911 ዓ.ም. ጉንፋንም የጦር ሰፈር ልጅ ነው። መጀመሪያ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ያለው የፈንስተን ማሠልጠኛ ነበር፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1918። በሦስት ሳምንት ከ1,000 በላይ ምልምል ሆስፒታል ገባ። በሽታው ደግሞ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ አልመረጠም፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ በተለየ ጨከነበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 45,000 የሚጠጋ የአሜሪካ ወታደር በጉንፋንና በሳንባ ምች ሞቷል፤ በውጊያ ከወደቀው ቁጥር ብዙም አይርቅም።

መቶ ዓመት ቆይቶ ነገሩ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ቴዎዶር ሩዝቬልት ላይ ከነበሩት 4,800 ገደማ ባሕረኞች 1,271ዱ ኮሮና ተገኘባቸው። የፈረንሳዩ ሻርል ደ ጎል ላይም ከ1,000 በላይ ሰው ተያዘ። ሩዝቬልት ላይ ከተያዙት ውስጥ ግማሽ የሚጠጉት አንዳችም ምልክት አላሳዩም፤ ወጣትና ጤነኛ ናቸውና። የወታደር ጥንካሬ የሚያስከትለው ጣጣ እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ሳይታመም ለባልደረባው ያደርሳል።

«የስፔን ጉንፋን ከስፔን መጣ»

የእኛን የኅዳር በሽታ ሌላው ዓለም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ስሙ የመጣው ከጦር አዛዦች ዝምታ ነው። ተዋጊዎቹ አገሮች ጋዜጣቸውን ይቆጣጠሩ ነበር፤ ወታደር ታሞ ተኛ ብሎ መጻፍ ለጠላት ምስጢር ማቀበል ነበር። ስፔን ጦርነቱ ውስጥ ስላልነበረች ጋዜጦቿ የሆነውን ጻፉ። ዓለምም እውነቱን የተናገረችውን አገር በሽታው የእሷ ነው አላት። የእኛ ሰው በወሩ ጠርቶት ከዚህ ሐሜት ተርፏል። (ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠሉም የዚያ መታሰቢያ ነው። ጠረጋው መልካም ነው፤ በትንፋሽ የሚተላለፍን በሽታ ያባረረው ግን ጢሱ አልነበረም።)

«ያኔ ጄኔራሎቹ ስላላወቁ ነው»

በዚያ ጉንፋን ጊዜ ወታደር መጓዙን ያላቆመው አደጋው ስላልታወቀ ነው ለማለት ነው። ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 መኸር የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ወታደር አጭቆ በመርከብ መላክ ይቁም ብለው አሳስበዋል። ሌቪያታን የተባለችው መርከብ በመስከረም መጨረሻ 9,000 ገደማ ወታደር ጭና ስትነሣ በመንገድ ላይ ወደ 2,000 ሰው ታመመባት። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በጥቅምት ወር ኤታማዦር ሹሙን ጄኔራል ፔይተን ማርችን ጠርተው ጠየቁት። ጄኔራሉ ጉዞው መቋረጥ የለበትም አለ፤ ጀርመን እያፈገፈገች ሳለ ፋታ እንዳታገኝ ነው። መርከቦቹ ቀጠሉ።

በዚያው ሰሞን ግን የምልመላው ኃላፊ ጄኔራል ኢኖክ ክራውደር የጥቅምቱን የምልመላ ጥሪ ሰረዘ፤ ከ140,000 በላይ ወጣት ወደታመመ ካምፕ ሳይገባ ቀረ። ሁለት ጄኔራል፣ አንድ ጦርነት፣ አንድ በሽታ፤ ፍርዳቸው ግን ለየቅል። ማርችን ጨካኝ ነው ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ጦርነቱ በኅዳር እንደሚያልቅ እሱ አያውቅም ነበር። የእኔን ሚዛን ከጠየቃችሁኝ ግን ወደ ክራውደር ያደላል።

«ጥሩ መኮንን ዝም ይላል፤ ጓዳውን አያወጣም»

አጎቴ እዚህ ላይ አይነቃነቁም። የሩዝቬልት አዛዥ ካፒቴን ብሬት ክሮዚየር መርከቡ ጉዋም ወደብ ቆሞ ሳለ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 2020 ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ጦርነት ላይ አይደለንም፤ ባሕረኞች መሞት የለባቸውም፤ ሰዉን አውርዱልኝ የሚል ነበር። ደብዳቤው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ተጠባባቂው የባሕር ኃይል ሚኒስትር ቶማስ ሞድሊ ከሥልጣን አነሣው። ባሕረኞቹ ስሙን እየጠሩ እያጨበጨቡ ሸኙት። ሞድሊ መርከቡ ድረስ ሄዶ ካፒቴኑን ዘለፈ፤ ዘለፋው ሲሰማ ደግሞ ራሱ ሥራ ለቀቀ።

ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ ጀግና አድርጎ ያወራዋል። እውነቱ ከዚያ ይወሳሰባል። የባሕር ኃይሉ አለቆች መጀመሪያ ወደ ቦታው ይመለስ ብለው ነበር፤ ሁለተኛ ምርመራ ካደረጉ በኋላ ግን ሰዉን በማውረዱ በኩል ዘግይቷል ብለው ሽረቱን አጸኑት። እንግዲህ ቢበዛ የተወቀሰው ስለ ጮኸ ብቻ ሳይሆን ስለ ዘገየ ነው። «ዝም ማለት ነበረበት» ለሚለው ከዚህ ውስጥ የሚገኝ ድጋፍ አላየሁም።

«ትልልቅ መኮንኖች ተለይተው ስለሚኖሩ አይነካቸውም»

በ1911 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በኅዳር በሽታ ታመው ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 ደግሞ አንድ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ አድሚራል ኮሮና ተገኘበት፤ አብረውት ስብሰባ የተቀመጡት፣ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ማርክ ሚሊ ጭምር፣ ወሸባ ገቡ። የአገሪቱን ጦር የሚመሩት ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በስልክ አዘዙ። አዛዥ የሚውለው ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባ ደግሞ ዝግ ክፍል ነው።

«መንገዱን በወታደር መዝጋት ነው መድኃኒቱ»

መንገድ መዝጋት ጊዜ ይገዛል፤ እኔ አልንቀውም። ግን ጠመንጃ ሲይዝ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2014 የላይቤሪያ መንግሥት በኢቦላ ምክንያት ዌስት ፖይንት የሚባለውን የሞንሮቪያ የድሆች ሰፈር በወታደርና በፖሊስ አጠረ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሞተ። መውጣት የፈለገም ጉቦ እየከፈለ ይወጣ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ አጥሩ ተነሣ። በሽታውን እዚያ አገር ያደከመው ሰው የሞተ ዘመዱን አጥቦ መቅበር ትቶ ለቀባሪ ቡድን መስጠቱ፣ የታመመውንም ሳይደብቅ ማስመዝገቡ ነው። የተፈራ ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽተኛ ደግሞ ለወረርሽኝ ምሽግ ነው።

እኛም አገር መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከልክሎ ነበር። ጎጃም ውስጥ ሰላምታን የሚያህል ነገር ማስቀረት በወታደር ይሆናል? በየጓዳው፣ በየማኅበሩ፣ በየለቅሶው አንድ ወታደር ማቆም አይቻልም። ያስቀረው ካለ የሰፈሩ ቄስ፣ የዕድሩ ዳኛና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው።

«ጦር ሆስፒታል ከሠራ ችግሩ ተፈታ»

በዚያው የላይቤሪያ ወረርሽኝ የአሜሪካ ጦር 11 የሕክምና ማዕከል ሠራ። ሥራው ሲያልቅ በሽታው እየቀነሰ ነበርና በ11ዱም የታከሙት የኢቦላ በሽተኞች 28 ብቻ ናቸው። ከጦሩ ሥራ ውስጥ ይበልጥ የጠቀመው ናሙና በሰዓታት የሚመረምሩት ተንቀሳቃሽ ላቦራቶሪዎቹ ናቸው። በኮሮናም 1,000 አልጋ ይዛ ኒው ዮርክ የገባችው ኮምፈርት የተባለች የሆስፒታል መርከብ 180 ገደማ ሰው አክማ ተመለሰች። ትልቅ ነገር ቶሎ አይደርስም፤ ወረርሽኝ አይጠብቅም።

«ክትባት መጀመሪያ የሚሞከረው ወታደር ላይ ነው»

የኮሮና ክትባት የአሜሪካ ጦር ላይ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ነው። ያኔ አንዱ ክትባት ብቻ 44,000 በሚጠጉ ፈቃደኛ ሲቪሎች ላይ ተፈትኖ አልፎ ነበር። እምቢ ያሉ ከ8,000 በላይ ወታደሮች ተሰናበቱ፤ ግዴታው በ2023 መጀመሪያ ተነሣ። ውሳኔው ልክ ነበር አልነበረም መከራከር ይቻላል፤ ሙከራ ነበር ማለት ግን ሌላ ነው። ወታደርን በግዴታ መከተብም አዲስ አይደለም፤ ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1777 ፈንጣጣ ያልያዘው ወታደር ሁሉ በዘመኑ ዘዴ እንዲከተብ አዝዟል፤ በሽታው ከእንግሊዝ ጥይት ይልቅ አሳስቦት ነበርና።

«ለጦር ቢሰጡት በሳምንት ይጨርሰው ነበር»

አሁን ወደ አጎቴ። ለጦር ሰው ተሰጥቶ የሠመረበት አለ። ፖርቱጋል በ2021 መጀመሪያ የክትባት ዘመቻዋ ተራ በሚጥሱ ሰዎች ሲበላሽ ለአድሚራል ኤንሪኬ ጎቬያ ኢ ሜሎ ሰጠችው። ሰውየው የሰርጓጅ መርከብ መኮንን ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ከ10 ሚሊዮኑ ሕዝብ 85 በመቶ ገደማ ሙሉ በሙሉ ተከተበ። ጣሊያንም ለጄኔራል ፍራንቼስኮ ፊሊዎሎ ሰጥታለች። ልብ በሉ፤ አንዳቸውም በሽታውን አላከሙም፣ መንገድ አልዘጉም፣ ሳምንትም አልበቃቸውም። ያደረጉት ስንቅና ትጥቅ ማድረስ ነው፦ ይህን ያህል ብልቃጥ፣ በዚህ ቅዝቃዜ፣ በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ።

በአሜሪካም የክትባቱን ማከፋፈል የመሩት ጄኔራል ጉስታቭ ፔርና ናቸው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ለግዛቶቹ ከተነገራቸው ያነሰ ብልቃጥ ደረሰ። ባለ አራት ኮከቡ ጄኔራል ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የተመረተውንና ለመላክ የተዘጋጀውን ቁጥር አምታተው ማቀዳቸውን አስረዱ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ይህን ለአጎቴ ባለፈው ፋሲካ ነገርኋቸው። «ማን ይቅርታ ጠየቀ?» አሉኝ። ጄኔራሉ አልኋቸው። «ባለ ስንት ኮከብ?» አራት። ስኒያቸውን አስቀመጡና እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ።